ስለ ዝንብ አንጎል ካርታ

በጠላ ጋንና በበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበውን ታናሽ ዝንብ የማያውቃት የለም። ሽታን ትለያለች፤ እጅ ሲነሣባት ትሸሻለች፤ ወንዱም ክንፉን እያርገበገበ ለሴቲቱ ያዜማል። ይህን ሁሉ የሚያዝዘው አንጎል ግን ከጤፍ ቅንጣት አይበልጥም።

የአንጎል ሥራ የሚከናወነው የነርቭ ሕዋሳት በሚባሉ እንደ ክር በረዘሙ ነገሮች ነው። አንዱ ለሌላው መልእክት የሚያቀብልበት ስፍራ መገናኛ ይባላል። የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ ሳያውቁ የአንጎልን ሥራ መመርመር፥ የአገሩን መንገድ ሳያውቁ መልእክተኛን እንደ መከተል ነው።

አስቀድሞ ካርታው የታተመለት 302 ሕዋሳት ያሉት ታናሽ ትል ነው፤ ይህም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሊቃውንት ተፈጸመ። በ2023 የዝንብ እጭ አንጎል ከ3,016 ሕዋሳቱ ጋር ተከተለ። በ2024ም የአንዲት ሙሉ ዝንብ አንጎል፥ 139,255 ሕዋሳትና 50 ሚሊዮን ያህል መገናኛዎች፥ በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መሪነት ታተመ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አንጎሉን 7,000 ያህል ስስ ቅጠል አድርገው ሸነሸኑት፤ የአንዱ ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ለ25,000 ቢከፈል የሚደርሰውን ያህል ነው። በኤሌክትሮን ማጉያ መነጽርም ሥዕሉን አነሡ። ከዚያ ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ክር ከቅጠል ወደ ቅጠል ተከተለ። ነገር ግን ሁለቱን አንድ፥ አንዱንም ሁለት እያደረገ ይስት ነበር። ስለዚህ ቁም ጸሐፊ የጻፈውን ሌላው ሊቅ ከእናት መጽሐፉ ጋር እያስተያየ እንደሚያርም፥ ከብዙ አገር የተባበሩ ሰዎች አረሙት። ይህ ድካም በአንድ ሰው ብቻ ቢሠራ 33 ዓመት ያህል በፈጀ ነበር።

«ዝንብን መቍጠር ምን ይጠቅማል?» የሚል ሽማግሌ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ይህ ነው፤ ሊቃውንት ካርታውን በኮምፒዩተር አስመስለው የስኳርን ጣዕም የሚቀበሉትን ሕዋሳት ቢያነሣሡ፥ አፏን ለመብላት የሚያስዘረጉት የትኞቹ እንደ ሆኑ አስቀድመው ለመናገር ቻሉ፤ በሕያው ዝንብም ፈትነው አብዛኛውን እውነት ሆኖ አገኙት። የሰው አንጎል ግን 86 ቢሊዮን ያህል ሕዋሳት ስላሉት፥ ሕመሙን ለመረዳት የሚሻ ከታናሹ ይጀምራል። ሆኖም ካርታ መንገዱን ያሳያል እንጂ ተጓዡን አያሳይም።

መምህር ሆይ፤ ተማሪዎች የመንደራቸውን ቤቶችና መንገዶች በወረቀት ይሣሉ፤ አንዱ የሣለውን ሌላው ይረመው። በኋላም፥ «በዚህ ሥዕል ዛሬ ማን ወደ ማን እንደ ሄደ ይታወቃልን?» ብለህ ጠይቃቸው።