ለወንድ ሆርሞን ሕክምና የመጀመሪያው ቀጠሮ



ከወራት በፊት አንድ ወንድም በምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ። የሐኪም ማዘዣ አልነበረም፤ ጓደኛው በስክሪብቶ የጻፈለት የቴስቶስቴሮን መርፌ ስም ነው። ሌሎቹ ደንበኞች እስኪሄዱ ጠብቄ ለምን እንደፈለገው ብጠይቀው፣ ካገባ 4 ዓመት እንደሞላውና ልጅ እንዳላገኘ ነገረኝ። «የወንድ መድኃኒት ነው አሉኝ» አለ፣ ዓይኑን ሰብሮ። ያን መርፌ ቢወጋ ኖሮ ያን ያህል የሚጓጓለትን ነገር በገዛ ገንዘቡ ያርቀው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘር ፍሬ ቴስቶስቴሮንና ዘር የሚያመርተው ከአንጎል ሥር ያለች ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ ስታዘው ነው። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ ዕጢዋ በቂ አለ ብላ ትዕዛዟን ታቆማለች። ሰውየው ጉልበትና ፍላጎት ሊሰማው ይችላል፤ ዘሩ ግን ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቋረጣል። መርፌው ከቆመ በኋላ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር፣ ለአንዳንዱም እስከ 2 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ከሁሉ አስቀድመው ልጅ ይፈልጉ እንደሆነ ይናገሩ። ልጅ ለሚፈልግ ሰው ዘርን የማይዘጉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ደግሞም ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ። በአካባቢያችን ልጅ ሲጠፋ ሴቷ ብቻ ከሐኪም ሐኪም ስትንከራተት ባሏ አንድ ጊዜም ሳይመረመር ዓመታት እንደሚያልፉ ሁላችንም እናውቃለን።

ቦንጋና አካባቢዋ ያላችሁ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ከገብረፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል መጀመር ትችላላችሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀት ሳይዙ ወደ ሌላ ከተማ አይሂዱ። የሆርሞን ምርመራ በየላብራቶሪው ስለማይሠራ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም አዲስ አበባ ወደ ጥቁር አንበሳ ሊላኩ ይችላሉ። ታዲያ ደሙ የሚወሰደው ከጧቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ምንም ሳይበሉ ነው፤ ሆርሞኑ ጧት ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይወርዳልና። ስለዚህ በዋዜማው ገብተው፣ አድረው፣ በቂ እንቅልፍ ተኝተው ይነሱ። ውኃ ይፈቀዳል። ለካፋ ሰው ቡና ሳይቀምሱ መውጣት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ግን ደሙ እስኪወሰድ ይታገሡ።

ወባ ወይም ሌላ ትኩሳት ላይ ካሉ ቀጠሮውን ያራዝሙ፤ ሕመም በራሱ ሆርሞኑን ያወርደዋል። በረመዷንም የሱሑር ምግብና የእንቅልፍ መዛባት ውጤቱን ስለሚነኩት፣ የማያስቸኩል ከሆነ ከዒድ በኋላ ቢደረግ እመርጣለሁ። አንድ ውጤት ብቻውን አይበቃም። ዝቅ ካለ በሌላ ጧት ይደገማል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር በሁለቱም ቀን ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ሆኖ ምልክትም ሲኖር ነው የሚቀበለው። በመጀመሪያው ቀን መርፌ ሳይሰጥዎ ቢመለሱ ሐኪሙ ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል ማለት ነው።

ጥያቄዎቹ ያሳፍራሉ፤ አስቀድመው ይወቋቸው። ፍላጎትዎ እንዴት ነው? ጧት ሲነቁ ብልትዎ ይቆማል? ጺምዎን በስንት ቀን ይላጫሉ? በልጅነትዎ ጆሮ ደግፍ ይዞዎት የዘር ፍሬዎ አብጦ ነበር? ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ አለ? ያንኮራፋሉ? ከዚያም ሐኪሙ የዘር ፍሬውን በእጁ ይመረምራል። በክር የተሰኩ 12 የተለያየ መጠን ያላቸው ዶቃዎች ይዞ መጠኑን ቢያመሳስል አይደንግጡ፤ መለኪያው ነው። ዐውራን ለሐኪም መግለጥ ለሕክምና ሲያስፈልግ፣ በሚያስፈልገው መጠን የተፈቀደ መሆኑን ዑለማዎች ገልጸዋል። ወንድ ሐኪም ከመረጡ ካርድ ሲያወጡ ይጠይቁ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በላስቲክ አድርገው ይውሰዱ። እዚህ ላይ እንደ ሙያዬ ጠንከር ብዬ ልናገር። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ትራማዶል፣ ለመወፈር ተብሎ የሚዋጥ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን፣ ለፈንገስ የሚታዘዘው የኬቶኮናዞል ክኒን፣ ሁሉም ቴስቶስቴሮንን ዝቅ ያደርጋሉ። ውፍረትና ስኳር በሽታም እንዲሁ። ለአንዳንዱ ሰው መድኃኒቱን በሐኪም ምክር መቀየር ወይም ክብደት መቀነስ ብቻ ይበቃዋል። ስቴሮይዶቹን ግን ለረጅም ጊዜ ወስደው ከሆነ በድንገት አያቁሙ፤ አደጋ አለው።

ሆርሞኑ መውረዱ ከተረጋገጠ ምክንያቱ ከዘር ፍሬው ወይስ ከፒቱታሪ ዕጢ መሆኑን የሚለይ ሌላ የደም ምርመራ ይታዘዛል። የቀይ ደም ሴል መጠንም ይለካል፤ መድኃኒቱ ደም ያወፍራልና። መጠኑ ከ48 በመቶ በላይ ከሆነ፣ በከፍተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ፣ አይጀመርም። ዕድሜያቸው ለገፋ የፕሮስቴት ምርመራ ይጨመራል። የፕሮስቴት ወይም የጡት ካንሰር ላለበት፣ ባለፉት 6 ወራት የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ለያዘው አይሰጥም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ከ5,000 በላይ ወንዶችን የያዘ ጥናት፣ በትክክል ለታዘዘላቸው ሰዎች ሕክምናው የልብ ድካምንና ስትሮክን እንዳልጨመረ አሳይቷል፤ የልብ ምት መዛባትና ሳንባ ውስጥ የደም መርጋት ግን በመጠኑ በዝተው ታይተዋል።

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው፤ እንደ ዓይነቱ ከ1 እስከ 4 ሳምንት፣ ወይም ከ10 እስከ 14 ሳምንት እየቆየ ይሰጣል። አንዳንዱ በኦቾሎኒ ዘይት የተሠራ ስለሆነ ኦቾሎኒ የማይስማማዎ ከሆነ ይናገሩ። ቆዳ ላይ የሚቀባውም ዓይነት አለ፤ እሱን የሚጠቀም ሰው የቀባው ቦታ ሚስቱንና ልጆቹን እንዳይነካ መሸፈን አለበት፤ ሕፃናት ላይ ያለ ዕድሜያቸው የጉርምስና ምልክት ያመጣል። ስለ ጾም ለሚጠይቁኝ፦ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ምግብነት የሌለው የጡንቻ መርፌም ሆነ ለምርመራ የሚወሰድ ደም ጾም አያበላሽም ብሏል። ልቡ ያልረጋ ከኢማሙ ጋር ይነጋገር፤ መርፌውን ከመግሪብ በኋላ መወጋትም ይቻላል።

ከተጀመረ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ደሙ እንደገና ይታያል፤ ቀይ ደሙ ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል። ያንን የመመለሻ ቀን ከመጀመሪያው ቀጠሮ ሳይወጡ ካርድዎ ላይ ያስጽፉ።