ከሰቆጣ ሆኖ ርካሽ ዌብካም ለመምረጥ

በፃግብጂም ሆነ በሰቆጣ የሚኖር ሰው ዌብካም የሚገዛው ብዙ ጊዜ ዕቃውን ሳያየው ነው። ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሚወርድ ዘመድ ብር ይሰጠዋል። ዘመድም ሱቅ ገብቶ ከሚመሳሰሉት ካርቶኖች መካከል «ፉል ኤችዲ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ያለበትን አንስቶ ይመጣል። ካሜራው ፊት የሚያጨልም፣ ድምፅ የሚያፍን ሆኖ ቢገኝ ለመቀየር ያ ሁሉ መንገድ እንደገና ይጠብቃል። ማወዳደሩ ብሩ ከኪስ ሳይወጣ መጀመር ያለበት ለዚህ ነው፤ የሚጀምረውም ከካሜራው ሳይሆን ከራስ ቤት ነው።

መጀመሪያ መስመርዎን ይለኩ። ላፕቶፑ በሚቀመጥበት ቦታ ሆነው፣ በሚደውሉበት ሰዓት፣ በስልክዎ የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ ይክፈቱ። ሁለት ቁጥር ያሳይዎታል፤ አንዱ ወደ እርስዎ የሚመጣውን፣ ሌላው ከእርስዎ የሚወጣውን ፍጥነት ይናገራል። ለካሜራ ወሳኙ የሚወጣው ነው። ጠዋት የለኩት ማታ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲከፍት ስለሚወርድ በሁለቱም ሰዓት ይለኩ። ዙም ለሁለት ሰዎች ጥሪ ጥሩ ምስል ለማስተላለፍ በሰከንድ 600 ኪሎቢት፣ ለ720ፒ የምስል ጥራት 1.2 ሜጋቢት፣ ለ1080ፒ ደግሞ ወደ ውጭ 3.8 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል። ከእርስዎ የሚወጣው ከ2 ሜጋቢት የማያልፍ ከሆነ የ1080ፒ ካሜራ ቢገዙም በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው የሚያየው 720ፒ ወይም ከዚያ በታች ነው። ፓኬጁንም ያስቡበት፦ በ720ፒ አንድ ሰዓት ሲነጋገሩ የሚወጣውና የሚገባው ተደምሮ ወደ 1 ጊጋባይት ይበላል።

ቀጥሎ ሥራውን ይወስኑ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ወይም ውጭ አገር ካለ ልጅ ጋር ለመገናኘት ከሆነ አንድ ፊት በደንብ መታየቱ ይበቃል። አስተማሪ ከሆኑና ደብተር ወይም መጽሐፍ ወደ ካሜራው አስጠግተው የሚያሳዩ ከሆነ ግን ራሱ ትኩረቱን የሚያስተካክል ሌንስ ያስፈልግዎታል። ሦስት ሰው ተቀምጦ በኽምጣንጋ ቋንቋ ውይይት የሚያስተላልፍ ቡድን ደግሞ ሰፊ እይታ ይፈልጋል። የሻደይን በዓል ጨዋታ ከሜዳ በቀጥታ ለማስተላለፍ ካሰቡ ዌብካም አይግዙ። ዌብካም ለክፍል የተሠራ ዕቃ ነው፤ በነሐሴ ፀሐይና ካፊያ፣ በሚንቀሳቀስ ሕዝብ መካከል ደህና ስልክ ከማቆሚያው ጋር ይበልጠዋል።

አሁን ወደ ካርቶኖቹ እንሂድ። ለምሳሌ ሦስት የሎጊቴክ ካሜራዎችን እንውሰድ፤ ገበያው ላይ የታወቁ ናቸው። ሲ270 የ720ፒ ነው፤ በሰከንድ 30 ፍሬም ይቀርጻል፣ ትኩረቱ አይለወጥም፣ እይታው 55 ዲግሪ ነው። ብሪዮ 100 በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ የ1080ፒ ካሜራ ነው፤ የእሱም ትኩረት አይለወጥም፣ እይታው 58 ዲግሪ ነው፣ ሌንሱን የሚከድን መዝጊያ አለው። ሲ920 ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የ1080ፒ ካሜራ ሆኖ ትኩረቱን ራሱ ያስተካክላል፣ ሁለት ማይክ አለው፣ እይታው 78 ዲግሪ ነው።

ዲግሪው በካርቶን ላይ ትንሽ ቁጥር ይመስላል እንጂ የክፍሉን አቀማመጥ የሚወስነው እሱ ነው። ከካሜራው አንድ ሜትር ርቀው ቢቀመጡ የ55 ዲግሪው ወደ 90 ሳንቲሜትር ስፋት ያሳያል፤ አንድ ሰው ከነትከሻው ይገባበታል። የ78 ዲግሪው በዚያው ርቀት 1.4 ሜትር ያህል ስለሚያሳይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይይዛል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ መራቅ ስለማይቻል ሦስት ሰው ለማሳየት ሰፊው የግድ ነው። ብቻውን ለሚናገር ሰው ግን ጠባቡ የተሻለ ነው፤ ከጀርባ ያለውን ጓዝ ሁሉ አያሳይም።

ስም የሌላቸው ወይም ስማቸው የተኮረጀ ካሜራዎች ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። አንዳንዶቹ 1080ፒ ብለው ይጽፋሉ፤ ውስጣቸው ያለው መቅረጫ ግን 480ፒ ወይም 720ፒ ሆኖ ሶፍትዌር ነው ምስሉን የሚለጥጠው። የተለጠጠ ምስል ፊደል ላይ ይጋለጣል። ጋዜጣ ወይም የመድኃኒት ወረቀት አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገው በሚያወዳድሯቸው ካሜራዎች ሁሉ ይቅረጹ፤ እውነተኛው 720ፒ ሐሰተኛውን 1080ፒ አጥርቶ በማንበብ ይበልጠዋል። ኦቢኤስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ ካሜራውን ከፍተው የመጠንና የፍሬም ዝርዝሩንም ይመልከቱ። 1080ፒ የሚለው በሰከንድ 5 ፍሬም ብቻ ከሆነ ካሜራው ምስሉን ሳይጨምቅ ነው የሚልከው። ያልተጨመቀ 1080ፒ በ30 ፍሬም በሰከንድ ወደ 1,000 ሜጋቢት ይደርሳል፤ የዩኤስቢ 2 መስመር ጣሪያ ግን 480 ነው። ምስሉን ጨምቆ የሚልከውን «ኤምጄፒጂ» የሚለውን ምርጫ ሲመርጡም 30 ካላወጣ ካሜራውን ይተዉት።

ሱቅ የሚሄደው ዘመድ ከሆነ ላፕቶፕ ይዞ ይሂድ፤ እርስዎም ይህን ይዘዙት። በእያንዳንዱ ካሜራ፣ በአንድ ቦታ ተቀምጦ፣ አራት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ደቂቃ ይቅረጽ። በመጀመሪያው ፊቱን ወደ በሩ ብርሃን ያዙር፤ በሁለተኛው ጀርባውን ለበሩ ይስጥ፤ በሦስተኛው በአምፖል ብርሃን ብቻ ይቀመጥና እጁን ያወዛውዝ። እዚህ ጋ ልብ ይበሉ፤ ርካሽ ካሜራ የሚፈተነው በጨለማ ነው። ብርሃን ሲያንሰው ብዙ ብርሃን ለመሰብሰብ ሲል ፍሬሙን ከ30 ወደ 15 ያወርዳል፣ የሚወዛወዘው እጅም ጭራ ያወጣል። በአራተኛው ቅጂ ከአንድ ሜትር፣ ከዚያም ከሁለት ሜትር ርቀት ስሙን ይናገርና ከአንድ እስከ አሥር ይቁጠር፤ ማይኩን የምንሰማው በዚህ ነው።

ቅጂዎቹን በቴሌግራም ሲልክ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ቪዲዮ ከተላከ ቴሌግራም ራሱ ስለሚጨምቀው ሁሉም ካሜራ አንድ ዓይነት ይመስላል። ስማቸውን ትቶ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብሎ ይላካቸው፤ ዋጋውንም ካርቶኑንም ሳያውቁ ይምረጡ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ድምፁ የተሻለውን ይውሰዱ። ምስሉ የደበዘዘ ጥሪ ይቀጥላል፤ ድምፁ የማይሰማ ጥሪ ግን ይቋረጣል። በምርጫው የተረፈ ብር ካለ ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ ከነማይኩ ቢገዙበት እመክራለሁ። የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ዝናብ ሲመጣ የዌብካሙ ማይክ የሚሰማው ጣሪያውን ነው።

ካሜራው ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚነካው አንድ ቅንብር አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ ካሜራ ግን በ60 ተስተካክሎ ይመጣል። በዚህ ምክንያት አምፖል ሲበራ በምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ሲንከባለሉ ይታያሉ፤ ሰውም ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል። በካሜራው ቅንብር ውስጥ የብልጭታ መከላከያውን 50 ላይ ያድርጉት፤ መስመሮቹ ይጠፋሉ። ከዚያ ጠረጴዛውን ወደ መስኮት ያዙሩ። የደጋው ፀሐይ በቀጥታ ፊት ላይ ካረፈ ያነጣዋል፤ ነጭ ነጠላ ወይም ስስ መጋረጃ መስኮቱ ላይ ቢሰቀል ብርሃኑ ይለዝባል። ካሜራውን ከዓይን ትይዩ ያስቀምጡ፤ ሽቦውንም በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩት።

ለቀጥታ ስርጭት ኦቢኤስን በ720ፒና በ30 ፍሬም ያስተካክሉት። የሚልኩትንም መጠን ከለኩት የወጪ ፍጥነት ከግማሹ አያሳልፉ። 4 ሜጋቢት ካገኙ 2 ይላኩ፤ የቀረው ኔትወርኩ ሲወርድ ስርጭቱን ይዞ ያቆያል። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ዌብካሙን ማንቀሳቀሱን ይቀጥላል፤ የሚጠፋው ዋይፋዩ ነው። ስልክ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ፣ ፓኬጅ ተሞልቶበት፣ ሆትስፖቱ ቀድሞ ላፕቶፑ ላይ ተመዝግቦ ጎን ይቀመጥ። ዩቲዩብ ደግሞ ለአንድ ቻናል የቀጥታ ስርጭትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቅድ እስከ 24 ሰዓት ስለሚያስጠብቅ ፈቃዱን ስርጭቱ ከመድረሱ ጥቂት ቀን አስቀድመው ይጠይቁ፤ በዋዜማው ማታም ለራስዎ ብቻ በሚታይ ስርጭት አሥር ደቂቃ ይሞክሩት።