አርብ ከ12 ሰዓት በፊት፦ የቤተ እስራኤል የሰንበት ማዕድ በሆሳዕና ማድ ቤት

በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃና በአምቦበር ይኖሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል እናቶች አርብ ጀንበር ሳትጠልቅ ምድጃቸውን ያጠፉ ነበር። እሳቱ እንደገና የሚለኮሰው ቅዳሜ ማታ ነው። በመካከሉ የሚበላው ሁሉ አስቀድሞ ተጋግሮና ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ቀዝቅዞም ይበላል። ሕጉ ኦሪት ዘጸአት 35፥3 ላይ ይገኛል። ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተወሰደበት ዘመቻ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ልማዱም አብሯቸው ሄዷል፤ ዳቦው ዛሬም አርብ አርብ ይጋገራል።

ይህን ሥርዓት ለሆሳዕና፣ ለዱራሜና ለአካባቢው ቤተሰቦች የማቀርበው በአንድ ምክንያት ነው። በብዙ ቤት የዕረፍት ቀን ማለት እናት ከማለዳ እስከ ማታ ጓዳ የምትቆምበት ቀን ነው። እሳቱ ከዋዜማው ሲጠፋ ግን እሷም ትቀመጣለች። ይህ የሚሆነው የዋዜማው ሥራ ለልጆችና ለአባት ሲከፋፈል ብቻ ነው፤ አለበለዚያ የቅዳሜው ድካም አርብ ላይ ተደራረበ እንጂ አልቀነሰም። ቅዳሜን የምታከብሩ እንዳለ ውሰዱት፤ እሑድ የምታርፉ ሁሉንም በአንድ ቀን ግፉት።

የምግቡ ዝርዝር ሦስት ነው፦ በኮባ የተጋገረ ዳቦ፣ ለአርብ ማታ ያለ ቅቤ የተሠራ ዶሮ ወጥ፣ ለቅዳሜ ምሳ አዚፋ። ከዚህ በላይ መጨመር አልመክርም።

ሐሙስ ማታ፦ ሊጥና ቁሌት

የመንግሥት ሠራተኛ የአርብ ምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። መጋገሪያው ሰዓት እሱ ነው፤ ስለዚህ ሊጡ ሐሙስ ማታ መቦካት አለበት። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ እርሾ ያለው ሊጥ ሳይኮመጥጥ ቀስ ብሎ ያድራል።

አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ዘይትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ አዘጋጁ። ውኃው ለብ ያለ፣ ከ650 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ይሁን። ሁሉንም እንዳትጨምሩ፤ ዱቄት ከዱቄት ይለያያልና ሊጡን እያያችሁ ጨምሩ። አሥር ደቂቃ ያህል እሹት። በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ፣ እጅ ላይ ጥቂት የሚጣበቅ ሊጥ ትክክል ነው። ዘይት በተቀባ ትልቅ ሳህን ከድናችሁ አሳድሩት። ቀን ቤት የሚውል ሰው ካለ እርሾውን ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከፍ አድርጉና አርብ ጠዋት አቡኩት፤ በሁለት ሰዓት ኩፍ ይላል።

ማሸቱን ከአሥር ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ስጡት፤ ወንድ ቢሆንም ሴት ብትሆንም። «ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም» የሚባለውን እዚሁ ላይ ብትተዉት ለልጁ ትልቅ ውለታ ነው፤ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወይም ሥራ ይዞ ለብቻው ሲኖር ዳቦ መጋገር የሚችል ሰው ይሆናል።

ሊጡ እንዳለቀ ወደ ቁሌቱ እለፉ። ለአንድ ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ዘይት ሳታደርጉ በደረቁ፣ በመካከለኛ እሳት፣ ውኃው መጥጦ ቀለሙ እስኪለወጥ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ አቁላሉት። ከዚያ አንድ ተኩል የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ ቀጥሎ ከአራት እስከ አምስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩ፤ እንዳያር ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ ሌላ ግማሽ ሰዓት አማስሉት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በመጨረሻ ይግባ።

ስለ ቅቤ ልናገር። ለሐዲያ ሰው ያለ ቅቤ ዶሮ ወጥ ሥሩ ማለት ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የአይሁድ የምግብ ሕግ ግን ሥጋና የወተት ተዋጽኦን አያቀላቅልም፤ እስራኤል ያሉ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ዶሮ ወጡን በዘይት የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ ዐይብም አብሮ አይቀርብም። ሕጉ ለማይመለከተው ቤትም ጥቅም አለው፦ የቀዘቀዘ ወጥ ላይ ቅቤ ይረጋል፣ ፈሳሽ ዘይት ግን አይረጋም። የፓልም ዘይት ግን እንደ ቅቤው ስለሚረጋ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ተጠቀሙ። ቅቤው ለአተካና ይቀመጥ፤ ቡላ፣ ወተትና ቅቤ ያለበት ማዕድ ሥጋ በሌለበት ሌላ ቀን በደስታ ይበላል።

ከመተኛታችሁ በፊት ሁለት ብርጭቆ ድፍን ምስር ሰፌድ ላይ አድርጉና ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉት ልጆች ስጡ። ይልቀሙት። የለቀሙትን እነሱ ፊት መልሳችሁ አትልቀሙ። ጠጠር ይቀራል ብላችሁ ከሰጋችሁ ሲተኙ ተመልከቱት፤ ሥራውን ፊቱ የሚደግሙበት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ከልቡ አይሠራም።

አርብ ምሳ ሰዓት፦ ኮባውና ምጣዱ

ጎንደር ውስጥ ኮባ ተፈልጎ ይገዛል፤ እዚህ ጓሮ ይወጣና ይቆረጣል። አንድ ሰፊ ቅጠል ይበቃል። ትንንሾቹ፣ ሦስትና አራት ዓመት ያላቸውም ጭምር፣ በእርጥብ ጨርቅ በሁለቱም በኩል ይጥረጉት። ወፍራሙን የመሐል አከርካሪ በቢላዋ አንሱና ቅጠሉን ከእሳቱ በላይ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። ይህ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ልጆቹ ግን ቆመው ይዩ። ደብዛዛ የነበረው አረንጓዴ ሙቀቱ በነካው ቦታ ሁሉ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ ጠረኑም ይወጣል፤ ሲታጠፍ ይሰበር የነበረው ቅጠል እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ሳይለበለብ ከቀረ ሲነጠፍ ይቀደድና ሊጡ ምጣዱ ላይ ይጣበቃል።

ኮባውን ምጣዱ ወይም ወፍራም ድስት ውስጥ አንጥፉ፤ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይትረፉ። ብዙ የአይሁድ ቤተሰቦች በሰንበት ማዕድ ሁለት ዳቦ ያቀርባሉ፤ በዘጸአት 16 አርብ ዕለት እጥፍ ይለቀም የነበረውን መና ለማሰብ ነው። ሁለት ድስት ካላችሁ ሊጡን ክፈሉት፤ ታሪኩንም እዚያው ንገሯቸው። ሊጡን ገልብጡ፣ እጃችሁን ውኃ አስነክታችሁ ፊቱን አስተካክሉ፣ ሌላ ቁራጭ ኮባ አልብሱና ክደኑ። ሩብ ሰዓት ይረፍ።

በኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም በዝቅተኛ የምድጃ እሳት አንዱን ጎን 30 ደቂቃ፣ ገልብጣችሁ ሌላውን 20 ደቂቃ አብስሉት። የእሳቱ ኃይል ስለሚለያይ በሰዓት ብቻ አትመኑ፦ ዳቦው ከታች ሲያንኳኩት ባዶ ዕቃ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ፣ የገባበት ቢላዋም ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። መብራት ከጠፋና በከሰል ከጋገራችሁ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፤ ልጆች በከሰል ጢስ ቤት ውስጥ አይቀመጡ። ሲወጣ ኮባውን ሳትገፉ አቀዝቅዙት፤ እርጥበቱን የሚይዘው እሱ ነው።

ዳቦው ሲበስል ዶሮው በሌላው ምድጃ ይሁን። የአይሁድን ሥርዓት የሚጠብቁ ቤቶች አስቀድመው ደሙ እንዲወጣ የታረደውን ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ፣ በሻካራ ጨው ለብጠው አንድ ሰዓት ያቆያሉ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ያጥባሉ። ይህን ካደረጋችሁ ወጡ ውስጥ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ። ብልቶቹን ከሞቀው ቁሌት ጋር ቀላቅሉና አብስሉ፤ የፈረንጅ ዶሮ 40 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፣ የሐበሻው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። የተቀቀለ እንቁላልና መከለሻ በመጨረሻ። ማታ ጀንበር ሳትጠልቅ ደግማችሁ በደንብ አንተክትኩት።

ፍሪጅ የሌለው ቤት ዶሮውን አርብ ማታ ይጨርሰው። እስከ ቅዳሜ ምሳ ውጭ ያደረ የዶሮ ሥጋ ለልጆች አይሰጥ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

አዚፋ፣ ለቀዝቃዛ ምሳ የተፈጠረ ምግብ

አዚፋ ቀዝቅዞ እንዲበላ የተሠራ ስለሆነ ለሰንበት ምሳ ከእሱ የሚሻል አላውቅም። የተለቀመውን ድፍን ምስር አጥባችሁ ቀቅሉት። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነውና መጻሕፍት ከሚሉት በላይ ጊዜ ስጡት፤ በጣት ሲፈጭ በስሏል። ውኃውን አጥልሉና ልጁ በእንጨት ማንኪያ ግማሹን ይጨፍልቀው፤ ግማሹ እንዳለ ይቅር።

ሰናፍጩን ፈጭታችሁ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡና አሥር ደቂቃ ተዉት፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ኃይል የሚመጣው ያኔ ነው። ሙቅ ውኃ ያን ኃይል ይገድለዋል፤ ስለዚህ ከሙቅ ምስር ጋርም አትቀላቅሉት። ምስሩ ሲበርድ ሰናፍጩን፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ጨው ጨምሩ። ትንንሾቹም እንዲበሉ ቃሪያውን ለብቻው አቅርቡት። በንጹሕ ዕቃ ከድናችሁ ከቤቱ ቀዝቃዛ ቦታ ወይም ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት።

ሥራ ማከፋፈል

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሥራ፣ ለአንድ ወር። በየሳምንቱ ከተለዋወጠ ማንም ሥራውን አይለምደውም፤ ጭቅጭቁም አያልቅም። ኮባ ጠራጊ፣ ምስር ለቃሚ፣ ሎሚ ጨማቂ፣ ሊጥ አሺ። አባት ሽንኩርቱን ይክተፍ ወይም የአርብ ማታውን ዕቃ ይጠብ፤ ልጆች ከሚነገራቸው ይልቅ የሚያዩትን ይይዛሉና ይህ ሥራ ለእንግዳ ቀን የሚታይ ብቻ እንዳይሆን። ሥራውን ያልጨረሰ ልጅ ምግብ አይከለከል። ቅጣትና ማዕድ አይገናኙ።

አርብ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራው ባለበት ይቁም። ቤተ እስራኤል በዚህ ሰዓት ወንዝ ወርደው ገላቸውን ይታጠቡና ንጹሕ ልብስ ይለብሱ ነበር። እኛም ልጆቹን እናጥብ፣ እናልብስ፣ ቴሌቪዥኑን እናጥፋ፤ ስልኮቹ አንድ መሳቢያ ይግቡ፤ የወላጆቹም ጭምር።

ከእራት በፊት ትንሹ ልጅ ጆግና ሳፋ ይዞ ከአያት ጀምሮ ያስታጥብ። «እደግ፣ ተመንደግ» የሚለውን ምርቃት ያገኛል፤ ስሙን ጠርታችሁ፣ ዓይኑን እያያችሁ መርቁት። በአይሁድ ቤቶች አርብ ማታ ወላጅ በልጁ ራስ ላይ እጁን ጭኖ ይባርካል፦ ወንዶቹን በዘፍጥረት 48፥20 ቃል እንደ ኤፍሬምና እንደ ምናሴ፣ ሴቶቹን እንደ ሣራ፣ ርብቃ፣ ራሔልና ልያ። ሳምንቱን ሙሉ በቁጣ ያናገራችሁት ልጅ ካለ ከእሱ ጀምሩ። ዳቦውን በጎንደር የቤተ እስራኤል ቄሶች ባርከው ለሕዝቡ ያከፋፍሉ ነበር፤ ከአስተሰርዮ (ዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውለው የሲግድ ጾምም የሚፈታው በዚሁ ዳቦ ነው። ሲግድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ነው። በፋሲካ ሰባት ቀን ግን እርሾ ከቤት ይወጣልና ይህ ዳቦ አይጋገርም፤ ያልቦካ ቂጣ ይበላል።

ቅዳሜ

ቁርስ ዳቦ በማር፣ ምሳ አዚፋ በእንጀራ ወይም አርብ በተጋገረ ቆጮ። ቆጮ ቀዝቅዞም ስለማይከፋ የእኛ አካባቢ ለዚህ ቀን ሀብታም ነው። ዕቃው አይታጠብም፤ ሳፋ ውስጥ ተደርድሮ እስከ ማታ ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ መሰልቸታቸው አይቀርም። አትደንግጡ፣ ስልኩንም አታውጡ። አያት ካሉ የልጅነታቸውን ይጠየቁ፤ ከሌሉ ዘመድ ቤት በእግር ሂዱ። የተኛች እናት አትቀስቀስ።

ቅዳሜ ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ከዋክብት ሲታዩ፣ እሳቱ ይለኮሳል፤ ቡናው ይፈላል፤ ዕቃው ይታጠባል። የተረፈው ዳቦ በኮባው ተጠቅልሎ እስከ እሑድ ይቆያል፤ ከደረቀ ቆራርሳችሁ በጥቂት ዘይት፣ በበርበሬና በውኃ ፍርፍር አድርጉት። ለሚቀጥለው ሳምንት እርሾና ጥቁር አዝሙድ መኖሩን እሑድ ማታ ተመልከቱ፤ ሐሙስ ማታ ሱቅ ይዘጋል።