የኮምፎርት ልባስ እንዴት ይታጠባል?

ኮምፎርት ማጠብ ከባድ ሥራ ነው። ውሃ ከጠጣ በኋላ ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ውስጡ ይቋጠራል፤ በክረምት ደግሞ ሳይደርቅ ይሸታል። ልባሱ ይህን ድካም ያስቀራል። ላቡ፣ የራስ ቅቤው፣ የቆዳው ብናኝ እሱ ላይ ቀርቶ ኮምፎርቱ ለወራት ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ልባሱ በጊዜው ከታጠበ። በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ ለብዙ ቤት ይበቃል። ሌሊት የሚያልበው ወይም አስም ያለበት ሰው ግን በየሳምንቱ ቢያጥብ ይመረጣል።

በእኔ እምነት ልባስን ቶሎ የሚያስረጀው መታጠቡ አይደለም። የኦሞና የበረኪና መብዛት፣ ከዚያም በደንብ አለመጥራቱ ነው።

መጀመሪያ ኮምፎርቱን አውጥተው ፀሐይና ነፋስ ያስመቱት። ልባሱን ደግሞ ይገልብጡና ውጭ ያራግፉት፤ በአራቱም ማዕዘን ብናኝ ተጠራቅሞ ያገኛሉ። እንደተገለበጠ ቢታጠብ ቀለሙና ጥልፉ ከመፈተግ ይድናል። ከትራስ ጨርቅና ከአንሶላ ጋር ይታጠብ፤ ከፎጣ ጋር ግን አይቀላቅሉት፣ ፎጣ ክሩን ይረጭበታል።

ውሃ ከመንካቱ በፊት እድፉን ይፈልጉ። አብዛኛው አገጭና ፀጉር የሚነካው የላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። የቅቤና የዘይት እድፍ ላይ ገና ደረቅ ሳለ ላርጎ ጠብ ያድርጉበት፣ በጣት ቀስ ብለው ያሹትና ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት። ደም፣ ወተትና እንቁላል የሚለቁት በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሙቅ ውሃ ክሩ ውስጥ ያደርቃቸዋል። ሕፃን የሸናበትንም አስቀድመው በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት። አልጋ ላይ ለተኛ ሕመምተኛ አልጫ ሲቀርብ የሚፈስ እርድ ደግሞ ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ይለወጣል። አይደንግጡ፤ የእርድ ጠባዩ ነው። ታጥቦ የሚቀረውን ቢጫ ፀሐይ ቀስ በቀስ ያጠፋዋል።

በእጅ ለሚያጥብ ሰው ሰፊ ባኞ ያስፈልጋል። ኦሞውን ለብ ባለ ውሃ አሟሙተው ይጨርሱና ከዚያ ልባሱን ይንከሩት። ጨርቁ ላይ የተበተነ ዱቄት ባለቀለሙን ያዥጎረጉረዋል። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ማሳደር አያስፈልግም። በመፈተግ ፈንታ ጋቢ እንደሚታጠበው እግርዎን ታጥበው ይርገጡት። ክሩ አይጎዳም፣ ወገብም ያርፋል።

ማሽን ካለዎት ቁልፉን ወይም ዚፑን ይዝጉ፤ ክፍት ከተተወ የትራስ ጨርቁን ሁሉ ውጦ ይጠቀለላል። ከላይ እጅ የሚያስገባ ባዶ ቦታ ይተዉ። ለወትሮው እጥበት 40 ዲግሪ ይበቃል። በቤት በሽታ ከነበረ፣ ወይም አስም የሚቀሰቅሱትን የአቧራ ተባዮች ለመግደል ከሆነ፣ የጥጥ ልባስ በ60 ዲግሪ ይታጠብ። ልባሱ ላይ የተሰፋው ምልክት ከሚለው ግን አይለፉ።

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ማጥራቱ መጣ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው የሚቆጥበው እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳቱም ከዚህ ይጀምራል። ጨርቁ ውስጥ የቀረ ሳሙና ያደርቀዋል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ አቧራም ይይዛል። መጥራቱን ለማወቅ አንዱን ማዕዘን ጨምቀው ይዩ፦ አረፋ ከወጣ አልጠራም፤ በእጅ ሲዳሰስ የሚያንሸራትት ከሆነም አልጠራም። ውሃ ካጠረ ቀድሞ የሚቀነሰው ኦሞው እንጂ የማጥሪያው ውሃ አይደለም። የመጨረሻው የማጥሪያ ውሃ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ስለሚያገለግል አይድፉት። እንደ ድሬዳዋ ውሃው ኖራ በሚበዛበት ከተማ፣ በመጨረሻው ባኞ አንድ የቡና ስኒ አቼቶ መጨመር ጨርቁን ያለሰልሳል። ሲደርቅ የአቼቶው ሽታ ይጠፋል።

በረኪና ለነጭ ጥጥ ብቻ ነው፣ እሱም በውሃ ከቀጠነ በኋላ፣ አልፎ አልፎ። ከአቼቶም ሆነ ከሎሚ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። በረኪና በተጠቀሙበት ዕለት አቼቶውን ይተዉት።

ሲያሰጡት አፉ ወደ ታች ይሁን፣ አለዚያ ውሃው ማዕዘኑ ውስጥ ይጠራቀማል። ሁለት ገመድ ካለ በሁለቱ ላይ ዘርግተው መሐሉን ነፋስ ያሳልፉበት። ነጩን ፀሐይ ይምታው። ባለቀለሙ ግን እንደተገለበጠ ጥላ ይሻለዋል፤ በደጋው ከፍታ ፀሐይ ቀለም ቶሎ ትበላለች። ትንሽ እርጥበት ሳለው ቢተኮስ በቀላሉ ይለሰልሳል።

መልሶ ማልበሱ ብዙ ሰው ያማርራል። ልባሱን እንደተገለበጠ አልጋው ላይ ይዘርጉ፣ አፉ በእግር በኩል ይሁን። ኮምፎርቱን በላዩ አንጥፈው ማዕዘኖቹን ያገጣጥሙ። ከራስጌ ጀምረው ሁለቱን አንድ ላይ ወደ አፉ ይጠቅልሉ። እዚያ ሲደርሱ የልባሱን አፍ በጥቅሉ ጫፎች ላይ ገልብጠው ያልብሱትና ወደ ራስጌ መልሰው ይተርትሩት። ኮምፎርቱ ሌሊት የሚሰበሰብ ከሆነ ከልባሱ የውስጥ ማዕዘኖች ላይ አጭር ማሰሪያ ይስፉ፤ የኮምፎርቱን ማዕዘን የሚያስሩበት።

ተለዋጩን ልባስ በፌስታል ቋጥረው አያስቀምጡ፤ ትንሽ እርጥበት እንኳ ከቀረው ይሻግታል። ስፌቱ ጭምር መድረቁን ዳስሰው ያረጋግጡና በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ያኑሩት።