ቀይ ሽቦ እስኪገኝ

ኤልያስ ስሜ ሥዕል ሲሠራ ቀለም አይበጠብጥም። ቀለሙ ያለው መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ፣ ከተበላሸ ስልክና ኮምፒውተር በወጣ ሽቦ ውስጥ ነው። ሽቦውን ይጎነጉናል፤ እንጨት ላይ እየወጠረ በሚስማር ይመታዋል። የኪቦርድ ቁልፍና ማዘርቦርድም ይጨምርበታል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የሚታይ እርሻ ይመስላል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ሽቦውን አለመቀባቱ ነው። ቀይ ካነሰው ቀይ ሽቦ እስኪገኝ ይጠብቃል። አንዳንዱ ሥራው ዓመታት የሚፈጀውም ለዚህ ነው። እኛ አነቃቂዎች “ባላችሁ ነገር ጀምሩ” ማለት እንወዳለን። ደግ ምክር ነው፤ ግን ከመጀመር በፊት መልቀም አለ፣ መለየት አለ፣ ለጊዜው ማስቀመጥም አለ። ይህ መድረክ ላይ አያስጨበጭብም መሰለኝ እንዘለዋለን።

እስቲ እናንተ ቤት የተከማቸውን እንይ። ሁለተኛ ዓመት ላይ የተቋረጠ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት አለ። ቤሩት በሰው ቤት ስትሠሩ የለመዳችሁት ዐረብኛ አለ። የከሰረው ሱቅ ያስተማራችሁ የዱቤ ደንበኛ አያያዝም አለ። “ዕድሜዬን በከንቱ ጨረስኩ” ስትሉ የምትቆጥሩት ይህንኑ አይደል? ዐረብኛው ብቻውን ብዙ አያበላም፤ የተቋረጠው ትምህርትም እንዲሁ። ከዱባይ ዕቃ ለሚያስመጣ ነጋዴ ግን ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ብርቅ ነው!

የኤልያስን ትዕግሥት ደግሞ በዓመት እዩት፤ ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሽልማት የሰጠው በ2019 ነው። በዚያው ዓመት ከአንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ላይ ተከፈተ። ግድግዳው ያው አያቶቻችን ቤት የመረጉበት ጭቃና ጭድ ነው፤ ሄዳችሁ በእጃችሁ ዳስሱት፣ ከእኔ ጽሑፍ በላይ ያበረታችኋል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ደብተር አውጡ። ጀምራችሁ የተዋችሁትን ሁሉ፣ የሚያሳፍረውንም ሳይቀር ጻፉ። ከዚያ አብረው የሚሄዱትን ሁለት ሦስቱን ለዩ፤ ምን እንደጎደላቸው ያኔ ይታያችኋል። ዐረብኛና ሒሳብ ይዛችሁ የጎደላችሁ የጉምሩክ ወረቀት አሠራር ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ማውጣት ያለባችሁ እሱን ለመማር ነው። ሌላ የአመራር ሥልጠና ለጊዜው ይቆይ፤ የእኔም ቢሆን።