ቍጥርን በሥዕል ስለ ማሳየት፤ ለአገር ገዢዎችና ለወረዳ ሹማምንት የሚሆን ትምህርት

በኦሪት ዘፍጥረት እንደሚነበበው ፈርዖን የሚመጡትን ሰባት የረኃብ ዓመታት በከሱ ላሞችና በቀጨጩ እሸቶች አምሳል አየ። ነገሩ በሥዕል ስለ ታየው ልቡ ታወከ፣ ተርጓሚም ፈለገ፤ ዮሴፍም በተረጐመለት ጊዜ እህል በጐተራ እንዲከማች አደረገ። እኛ ግን ከየወረዳው የሚመጣውን የእህልና የከብት ቍጥር በመዝገብ ጽፈን በመደርደሪያ ብናስቀምጠው ማንንም ሳያነቃ ይቀራል። ስለዚህ ቍጥርን ለዐይን በሚታይ ሥዕል መግለጽ ሹም ሊማረው የሚገባ ነገር ነው።

ዊልያም ፕሌይፌር የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1786 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የንግድን ገቢና ወጪ በመሥመርና በዓምድ ሥሎ አሳየ። ዛሬ ብዙ እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን በአንድ ገጽ ሰብስቦ የሚያሳየው ሰሌዳ ዳሽቦርድ ይባላል። ይህ ስም አስቀድሞ በሠረገላ ፊት ቆሞ ከፈረስ ኮቴ የሚረጨውን ጭቃ ለሚከለክል ጣውላ የተሰጠ ነበረ፤ በኋላ አውቶሞቢል ሲመጣ ለነጂው ፍጥነቱንና ነዳጁን ለሚያመለክተው ሰሌዳ ሆነ። ነጂው ሰሌዳውን የሚያየው ለጌጥ አይደለም፤ መቼ እንዲያዘገም፣ መቼ ነዳጅ እንዲጨምር ለማወቅ ነው። የሹምም ሰሌዳ እንዲሁ ይሁን።

አሠራሩ ይህ ነው። በባለካሬ ወረቀት ከታች ወደ ጐን ወሮቹን፣ በግራ ከታች ወደ ላይ የአንዱን ኵንታል ዋጋ ይጻፉ። የየወሩን ዋጋ በነጥብ አመልክተው ነጥቦቹን በመሥመር ያያይዙ። ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ዋጋ በሌላ ቀለም በዚያው ላይ ቢያሰምሩ፣ የዘንድሮው ከልማዱ መራቁ ወዲያው ይታያል። ኮምፒዩተር ያለው ይህንኑ በኤክሴል ይሠራዋል፤ ነገር ግን አስቀድሞ በእጁ የሣለ ሰው ምሥጢሩን በደኅና ያውቃል።

ሆኖም አንድ መሥመር ብቻውን ያሳስታል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ በረኃብ አለቀ። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በዚያ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም ነበር። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትም ገንዘብ አጥቶ ነበርና፤ ገዢ የሌለው ገበያ ዋጋ አያንርም። የአፋር ከብት አርቢም ከሞት የተረፈለትን ከብት ቢሸጥ የሚያገኘው እህል ከቀድሞው ያነሰ ሆነ። እንግዲህ የእህሉን መሥመር ብቻ የተመለከተ ሹም፣ ሰው እያለቀ ሳለ፣ ገበያው ደኅና ነው ብሎ በተኛ ነበር።

ስለዚህ በእህሉ ዋጋ አጠገብ የፍየሉን ዋጋ ይሣሉ፤ አንድ ፍየል ስንት እህል እንደሚገዛም ያስሉ። ለምሳሌ ፍየሉ 3,000 ብር፣ ማሽላው በኵንታል 6,000 ብር ቢሆን ፍየሉ ግማሽ ኵንታል ይገዛል። የማሽላው ዋጋ ሳይነቃነቅ ፍየሉ ወደ 1,500 ብር ቢወርድ የሚገዛው ሩብ ኵንታል ብቻ ነው። የእህሉ መሥመር ቀጥ ብሎ ሳለ የባለ ፍየሉ እንጀራ በግማሽ ጐደለ ማለት ነው።

ከዚህ ጋራ አራት ነገር ይጠበቅ። ፩ኛ፤ ዓምድ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምር፤ 80ና 90 ኵንታል ከ75 ጀምረው ቢሣሉ ሁለተኛው የፊተኛውን ሦስት እጥፍ መስሎ ይታያልና። ፪ኛ፤ ወሬው ያልደረሰ ወረዳ ባዶ ይተው እንጂ ዜሮ አይጻፍበት፤ አለመስማትና አለመኖር አንድ አይደሉምና። ፫ኛ፤ ሰፊውንና ጠባቡን ወረዳ ሲያስተያዩ በነፍስ ወከፍ አካፍለው ይሁን። ፬ኛ፤ ቍጥሩ የተሰበሰበበት ቀንና የሰብሳቢው ሥራ ቤት በሥዕሉ ግርጌ ይጻፍ።

ከሁሉም በላይ አለቃን ለማስደሰት የተዋበ ሥዕል ከባዶ ወረቀት ይከፋል፤ ባዶው ወረቀት ያስጠይቃል፣ የተዋበው ግን ያስተኛል። እንግዲህ እያንዳንዱ ሹም በሚመጣው ወር ከገበያው ሁለት መሥመር ብቻ፣ የእህልና የፍየል፣ አስሎ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይስቀል። መሥመሮቹ እርስ በርሳቸው መራቅ በጀመሩ ጊዜ ሰው ከቀዬው ሳይሰደድ ለመድረስ ጊዜ ያገኛል።