የፕላይውድ ገቢ ቀነሰ ማለት ገበያው ቀዘቀዘ ማለት ነውን?

የሁለት አገሮችን የገቢ ንግድ አሃዝ ጎን ለጎን አስቀምጦ የማን ገበያ አደገ፣ የማን ወደቀ ብሎ መፍረድ ቀላል ይመስላል። በፕላይውድ፣ በቺፑድና በኤም.ዲ.ኤፍ. ንግድ ግን ይህ አካሄድ ገንዘብ ያስበላል። ለዚህም ጃፓንና ቻይና ጥሩ ማስረጃ ናቸው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፕላይውዱን ራሷ ታመርት ነበር። ግንዱን የምታስመጣው በብዛት ከፊሊፒንስ፣ ኋላም ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነበር። በዚያን ጊዜ የፕላይውድ ገቢዋን ብቻ ያየ ሰው አገሪቱ የውጭ እንጨት እምብዛም አትሻም ባለ ነበር። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1985 ግንድ እንዳይወጣ ሙሉ በሙሉ ከልክላ ፋብሪካ በፋብሪካ ስትሆን ግን የጃፓን የፕላይውድ ገቢ ሽቅብ ወጣ። የጃፓን ቤት ሠሪ ፍላጎት በአንድ ጀንበር አልጨመረም፤ ቀድሞ በግንድነቱ ይገባ የነበረው እንጨት ተልጦና ተጣብቆ ይገባ ጀመር።

ቻይና የሄደችው በተቃራኒው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከፍተኛ የፕላይውድ ገዢ ነበረች። በ1998 የያንግሴ ወንዝ ጎርፍ ብዙ ጥፋት ካደረሰ በኋላ መንግሥት በተፈጥሮ ደን ላይ ቆረጣን አገደ፤ በ1999 ደግሞ ከውጭ በሚገባ ግንድ ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሳ። ከሩሲያ ግንድ ጎረፈ። እንደ ሊንዪ ባሉ ከተሞች ደግሞ ፋብሪካዎች ፖፕላር የተባለውን ቶሎ የሚደርስ ዛፍ ይልጡ ያዙ። የፕላይውድ ገቢዋ መነመነ፤ እሷም የዓለም ትልቋ አምራችና ላኪ ሆነች። ያን ጊዜ የገቢውን መስመር ብቻ ይዞ «የቻይና ግንባታ ቀዘቀዘ» ያለ ደላላ ቢኖር፣ ግንባታው በጦፈበት ሰዓት ነው ያለው።

ስለዚህ ጉምሩክ በ44.12 የሚመዘግበው ፕላይውድና በ44.03 የሚመዘግበው ግንድ አብረው መታየት አለባቸው። አንድ ሜትር ኩብ ፕላይውድ በግምት ሁለት ሜትር ኩብ ግንድ ስለሚፈጅ ግን እንዲሁ አይደመሩም። ቺፑዱን (44.10) እና ኤም.ዲ.ኤፍ.ን (44.11) ጨምሮ አንድ ድምር የሚሰጥ ሠንጠረዥ ሲገኝም፣ ቬኒሩ ገብቶበት እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ አንዱ ያስገባዋል፣ ሌላው ያስቀረዋል።

መስፈሪያውም ያታልላል። ሉሁ 2.44 በ1.22 ሜትር ሲሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ 84 ሉህ ያህል ይወጣዋል፤ ባለ 18ቱ ግን ከ19 አይበልጥም። ጃፓን ከ2000ዎቹ ወዲህ ለግንባታ የሚሆነውን ወፍራሙን በአብዛኛው ከአገሯ ዛፍ ታመርታለች። ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ ከምታስመጣው ውስጥ ስስ ሉህም ይገኛል። በሜትር ኩብ የታየው ቅናሽ በሉህ ቁጥር ያን ያህል ላይሆን ይችላል።

መነሻ ዓመትም ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ሱናሚ የሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን የፕላይውድ ፋብሪካዎች ሲመታ ገቢው ዘለለ። ስሌቱን ከዚያ ዓመት የሚጀምር ሰው ፋብሪካዎቹ ሲጠገኑ የመጣውን ቅናሽ የገበያ ውድቀት አድርጎ ይጽፈዋል።

በቻይና በኩል ደግሞ ሩሲያ ከጥር 2022 ጀምሮ ያልተሠራ የጥድ ወገን ግንድ እንዳይወጣ ከልክላለች። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው ከግንዱ ጎን 44.07ን፣ ማለትም ጣውላውን ይጨምር።